አሥራ አንደኛው ፎቶ

ስታራ ዛጎራ ከተማ ውስጥ፣ በኤሌክትሪክ ሽቦ ከሚሄደው አውቶቡስ፣ ከትሮሊባሱ፣ መስመር አንድ መንገድ ገባ ብሎ፣ የኔድያልካ ሱቅ የሚገኘው ምድር ቤት ነው። መስኮቱ ብቻ ከእግረኛው መንገድ እኩል ብቅ ይላል። ስለዚህ ወደ እሷ የሚመጣ ሁሉ፣ ዳኛም ይሁን ጫማ ሰፊ፣ ቁጢጥ ማለት ግድ ይሆንበታል። ድሮ ፋብሪካዎቹ ተዘግተው አገሩ ሁሉ ሥራ ሲፈታ፣ ሰው በየምድር ቤቱ እንዲህ ያለ መስኮት እየከፈተ ቢራና ሲጋራ ይሸጥ ነበር። እሷም አራት ዓመት ሸጣለች። ያኔ አብረዋት የጀመሩት ወይ ከስረዋል፣ ወይ ሞተዋል፣ ወይ አገር ጥለው ሄደዋል። የእሷ መስኮት ግን አልተዘጋም፤ የሚገባበትና የሚወጣበት ነገር ብቻ ተለወጠ። አሁን ሰው ቁጢጥ ብሎ የሚያቀብላት የታመመ ሃርድ ዲስክ ነው።

ዲስክን የምታውቀው የከተማው ሰው ኮምፒውተር የሚባል ነገር በዓይኑ ሳያይ ነው። በሃያ አንድ ዓመቷ የዲስክ ፋብሪካ ተቀጥራ ነጩ ክፍል ውስጥ ተመደበች። ነጭ ካባ፣ ነጭ ቆብ፣ አፍና አፍንጫን የሚሸፍን ጨርቅ፤ ሽቶ ክልክል፣ የፀጉር ጫፍ ማሳየት ክልክል። ሥራዋ የሚያነበውን ክንድ ከሚሽከረከረው ሳህን በላይ ማስቀመጥ ነበር፤ እንዲጠጋው እንጂ እንዳይነካው አድርጎ። አንድ ብናኝ ከገባ ሁሉም ነገር ገደል ገባ። ስምንት ዓመት እንዲህ ትንፋሿን ዋጥ አድርጋ ሠራች። ፋብሪካው ሲዘጋ የቀራት ይኸው የተዋጠ ትንፋሽና የማይንቀጠቀጥ እጅ ነው።

ለሚመጣው ሰው ሁሉ የምትለው አንድ ነው። ሲያንኳኳ ከሰማችሁ ንቀሉት። እስቲ አንዴ ብቻ ልየው ብላችሁ አትክፈቱት። ሰው ግን መቼ ይሰማል! እስኪጨርሰው ድረስ ይነካካውና ከዚያ በኋላ አለቅሳለሁ ይላል። ባለፈው መስከረም አንዲት መምህርት በላስቲክ የተጠቀለለ ዲስክ ይዛ መጣች።

"እትዬ ኔድያልካ፣ ሦስት ቀን ማቀዝቀዣ ውስጥ አስቀመጥኩት። ይሻለዋል ሲሉ ሰምቼ።"

"ከምን ጋር አስቀመጥሽው?"

"ለክረምት ጠብሼ ካስቀመጥኩት ቃሪያ ጋር።"

"እንግዲያው ለክረምት ብዪው።"

አለቻት እንጂ ተቀበለቻት፤ ሦስት ሳምንት ለፍታም የልጆቹን ፎቶ አወጣችላት። ኔድያልካ አፏ እንጂ ልቧ መራራ አይደለም።

ዘዴዋ ሲሰሙት ቀላል ነው። የታመመ ዲስክ ላይ ያለ ነገር እዚያው ላይ አይከፈትም። መጀመሪያ እንዳለ፣ ከነቁስሉ፣ ወደ ጤነኛ ዲስክ ይገለበጣል፤ ሌላው ሥራ ሁሉ የሚሠራው በግልባጩ ላይ ነው። ለዚህ የሚሆን ነፃ ፕሮግራም አለ። ምንም ጌጥ የለውም፤ ጥቁር መስኮት ላይ ቁጥር ሲቆጥር ይውላል። በመጀመሪያው ዙር እሺ ብሎ የሚነበበውን ብቻ ያነባል፤ እምቢ ያለውን ምልክት አድርጎበት ያልፋል። በሁለተኛው ዙር ከመጨረሻ ወደ መጀመሪያ እየተመለሰ፣ የዘለለውን በጀርባ በኩል ይሞክራል። ቁስሉን መነካካት የሚመጣው በመጨረሻ ነው። ዲስኩ እዚያ ላይ ቢሞት እንኳ ሌላው ተርፏል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚባለውን ተረት ኔድያልካ በዓይኗ አይታዋለች። ደንበኛ ግን ሁልጊዜ ከቁስሉ ጀምሪልኝ ነው የሚላት። ከሺሕ ፎቶ መካከል የሚፈልገው አንዱን ነው፤ ያ አንዱ ደግሞ ሁልጊዜ የሚገኘው በተጎዳው ቦታ ነው። ለምን እንደዚያ እንደሚሆን ለብዙ ዓመት አልገባትም ነበር።

ባሏ ጌንቾ ትሮሊባስ ነጂ ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት አንድ መስመር ላይ ሲመላለስ ኖሮ አንድ ቀን አልሰለቸውም። ሳቂታ ሰው ነው። ተሳፋሪው ስለ ጡረታው ሲያማርር ይስቃል፣ ሽቦው ተላቆ መንገድ ላይ ሲቆም ይስቃል፣ ሚስቱ ስትቆጣው ደግሞ ይብስበታል። ጡረታ ከወጣ በኋላ ስልኩን ይዞ ያገኘውን ሁሉ ፎቶ ማንሳት ጀመረ። ቲማቲም፣ የሰው ውሻ፣ እግሩ የተሰበረ ወንበር፣ ከዝናብ በኋላ ያለ አጥር። በየእሑዱ ኔድያልካ የሳምንቱን ፎቶ ከስልኩ ወደ አንድ ሃርድ ዲስክ አዛውራ ስልኩን ባዶ ታደርግለታለች። አንድ ዲስክ ብቻ። ለሰው ሁሉ "ሁለት ቦታ ካላስቀመጣችሁት የላችሁም በሉት" የምትለው ሴት፣ የገዛ ባሏን ዘመን አንድ ቦታ አስቀመጠችው። የቅርብ ጠበል የልጥ መንከሪያ ነው፤ ባለሙያው ቤት ውስጥ ሲሆን ማንም አይጠነቀቅም፣ ባለሙያዋም ጭምር።

ጌንቾ ወይን ሲለቅም ውሎ በጥቅምት መጀመሪያ ሞተ። ልቡ ነው። ሲገነዝ እንደ ደንቡ የሚወዳቸውን ነገሮች ሬሳ ሣጥኑ ውስጥ አስገቡለት። መነጽሩን፣ የመጫወቻ ካርታውን፣ አንድ ፓኮ ሲጋራ። ኔድያልካ በገዛ እጇ ስልኩን ደረቱ ላይ አስቀመጠችለት። ከስፔን ለቀብር የመጣችው ልጃቸው ቦያና ጠጋ ብላ፣ "እማዬ፣ ስልኩስ ለእኛ አይቀመጥም?" አለቻት።

"ባዶ ነው ልጄ። ሁሉም ዲስኩ ላይ ነው።"

ይህን ያለችው ቄሱም ጎረቤቱም እየሰሙ ነው።

ቦያና ቫሌንሲያ ውስጥ አንድ ሽማግሌና አንዲት አሮጊት ነው በደመወዝ የምትጦረው፤ አሠሪዎቿ ፈቃድ ስላልሰጧት በአምስተኛው ቀን ተመለሰች። በዘጠነኛው ቀን ኔድያልካ እንደ ደንቡ መቃብር ላይ የተቀቀለ ስንዴ አድላ ብቻዋን ወደ ቤት ገባች። ኮቷን ሳታወልቅ ዲስኩን ኮምፒውተሩ ላይ ሰካችው። የምትፈልገው ነገር አልነበረም፤ ያነሳቸውን ፎቶዎች ማየት ብቻ ነው የፈለገችው። ዲስኩ ለመከፈት ዘገየ። ከዚያ አንኳኳ።

ያንን ድምፅ ከእንቅልፏ ቢቀሰቅሷት ታውቀዋለች። በመስኮቷ ቁጢጥ ያለ ሰው "ትንሽ ያንኳኳል" ሲላት "ንቀለው!" ብላ የምትጮኸው እሷ ናት። በዚያን ቀን ግን እጇ አልታዘዛትም። አንድ ፎቶ ከፈተች። ዲስኩ አንኳኳና ከፈተላት። ሌላ ከፈተች። ቲማቲም። ሌላ። የጎረቤት አጥር። እያንኳኳ፣ እየዘገየ፣ አሥር ፎቶ አሳያት። አሥራ አንደኛው አራት ደቂቃ ፈጀ። ከላይ ወደ ታች በትንሽ በትንሹ እየወረደ መጣ፤ ክንዱ አንዱን ቦታ ደጋግሞ ሲቧጭር ይሰማታል፤ እሷም ቁጭ ብላ ጠበቀች። ጌንቾ ራሱ ነው። አሥራ ሁለተኛውን ልትከፍት ስትል ዲስኩ ጸጥ አለ።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። እሷ መልቀም እንኳ አልደፈረችም። ዲስኩን ነቅላ በመሐረብ ጠቅልላ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው።

ቦያና በስልክ የአባቷን ፎቶዎች ላኪልኝ ስትላት "ዲስኩ ታሟል" አለቻት።

"እንዴት ታመመ? መቼ?"

"እንጃ፣ ልጄ።"

ቦያና፣ "አባዬ በበጋው ጠረጴዛውን ሲያዛውር ጥሎት ይሆናል። መቼም እጁ ላይ ነገር አይበረክት" አለች።

ኔድያልካ "ይሆናል" አለች።

አንድ ቃል ናት። ነገር ግን ያቺ ቃል ከአፏ ስትወጣ ምን እንዳደረገች አውቃለች። ሙት ወቃሽ መሆን ነውር ነው እየተባለች ያደገች ሴት፣ የገዛ ጥፋቷን ምንም መልስ መስጠት በማይችለው ሰው ላይ ጫነችው። ልታርመው አሰበች፤ በማግስቱ፣ በሳምንቱ፣ በወሩ። እያደር ከበዳት።

በአርባው ቀን፣ እንደ አገሩ ደንብ በየቦታው የሚለጠፈው የሐዘን ወረቀት ታተመ። ጥቁር ጠርዝ ያለው፣ ስም፣ ዕድሜ፣ ፎቶ። በር ላይ፣ ደጃፉ ላይ ባለው ዛፍ ላይ፣ ትሮሊባስ መጠበቂያው ላይ ተለጠፈ። ፎቶው ከመታወቂያ ደብተሩ የተወሰደ ነው፤ የቅርብ ጊዜ ሌላ ፎቶ የለም። ጌንቾ አፉን ገጥሞ፣ አገጩን ቀብሮ፣ ፍርድ ቤት የተጠራ ሰው መስሏል። በስድስት ወሩም በዚያው ፎቶ ተለጠፈ። ሠላሳ አንድ ዓመት የነዳቸው ሰዎች ፌርማታው ላይ ቆመው አነበቡና ስሙን እንጂ ፊቱን አላወቁትም። አንዲት ሴት "ይኼ ያ የሚስቀው ሹፌር ነው እንዴ?" ብላ ስትጠይቅ ኔድያልካ በጆሮዋ ሰምታለች።

ሙት ዓመቱ ሊደርስ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ዛፕርያን በመስኮቷ መጣ። ዛፕርያን ፋብሪካው ውስጥ ሞተር ፈታሽ የነበረ የድሮ ባልደረባዋ ነው። ጉልበቱ ስለማይታጠፍለት የዓሣ አጥማጅ ታጣፊ መቀመጫ ይዞ ይመጣና መስኮቱ ፊት ዘርግቶ ይቀመጣል። መንገደኛው እሱን ዞሮ ማለፍ አለበት።

"የባልሽን ወረቀት ዝናቡ አጥቦታል" አላት።

"ዓመቱ ደርሷል፤ አዲስ ይለጠፋል።"

"በዚያው ፎቶ?"

"በዚያው ነው እንግዲህ።"

"ኔድያልካ፣ እኔ ጌንቾን ሠላሳ ዓመት አውቀዋለሁ። አንድ ቀን እንደዚያ ተኮሳትሮ አላየሁትም፤ በካርታ ስበላው እንኳን። ሰው ሞቶ መልኩም ይቀማል እንዴ?"

ኔድያልካ የያዘችውን ብሎን መፍቻ አስቀመጠች። "ቦያናም እንደዚያው ነው የምትለው። በዓመቱ እንኳ አባቴ ይሳቅ አለችኝ።"

"ታዲያ?"

"የሚስቅበት አንድ ፎቶ ነበር። ዲስኩ ላይ።"

"ዲስኩስ?"

"መሳቢያው ውስጥ።"

"ሞክረሽው እምቢ አለ?"

"አልሞከርኩትም።"

ዛፕርያን ከመቀመጫው ጎንበስ ብሎ በመስኮቱ ፊቷን አየ። "ዓመት ሙሉ?"

"እስካልሞከርኩት ድረስ አልሞተም፣ ዛፕርያን። አንድ ጊዜ የመነሳት አቅም ቢኖረው ነው፤ ያቺን አንዷን ከተጠቀምኩባት ሌላ የለም። አሁን ግን ስታስበው እዚያ ውስጥ አለ።"

"ይኼን ነገር ደንበኛ መጥቶ ቢልሽ ምን ትይዋለሽ?"

"ተነሥተህ ጥፋ እለዋለሁ።"

"እኔ ደግሞ ተቀምጬ አንቺን ተነሺ እልሻለሁ" አለና መቀመጫውን ማጠፍ ጀመረ። "ሳይደርቅ በእርጥቡ ነበር። አሁንማ ደርቋል። ቢሆንም ጀምሪው።"

በማግስቱ ጠዋት መስኮቷ ላይ ዛሬ ሥራ የለም የሚል ወረቀት ለጠፈች። ዲስኩን ከመሐረቡ አወጣችው። ጠረጴዛው ላይ አመቻችታ ማራገቢያ አዞረችበት፤ ጤነኛ ዲስክ ከጎኑ አደረገች፤ ኃይል ሰጠችው። ትንፋሿን ዋጠች። ዲስኩ ዞረ፣ አንዴ አንኳኳ፣ ተነሣ። ኔድያልካ በሁለት እጇ የጠረጴዛውን ጠርዝ ይዛ አለቀሰች፤ ከዚያ ፊቷን ጠርጋ ፕሮግራሙን ለቀቀችው።

ጠዋት ጠዋት፣ አየሩ ሳይሞቅ፣ ሁለት ሁለት ሰዓት ብቻ ነው የምታስኬደው። ከዚያ ታሳርፈዋለች። በአራተኛው ቀን የመጀመሪያው ዙር አለቀ፤ ከመቶ ዘጠና አራቱ ወጣ። ከጀርባ ሲነበብ ወደ ዘጠና ስምንት ደረሰ። ፕሮግራሙ ያነበበውን በአረንጓዴ፣ ያልቻለውን በቀይ የሚያሳይ ካርታ አለው። ካርታው እንደ ፀደይ መስክ አረንጓዴ ሆኖ፣ እዚህም እዚያም ቀይ ነጠብጣብ ጣል ጣል ብሎበታል። አንድ ቦታ ላይ ግን ቀዩ ነጠብጣብ አይደለም፤ ድፍን ነው።

ካርታው ላይ ብዙ ጊዜ አፈጠጠች። ያንን ቦታ ማን እንዳቆሰለው ታውቃለች። ዲስኩ ሲታመም የተጎዳው እዚህም እዚያም ነው፤ እዚህ ቦታ ላይ ግን ክንዱ አራት ደቂቃ ሙሉ ተቧጭሯል፣ አንዲት ሴት ኮቷን ሳታወልቅ ቁጭ ብላ ስለጠበቀችው። ደንበኞቿ ሁሉ የሚፈልጉት አንዱ ፎቶ ለምን ሁልጊዜ በተጎዳው ቦታ እንደሚገኝ ያን ጊዜ ገባት። አብዝተው የፈለጉትን ነው አብዝተው የሚነኩት።

የፋይሎቹ ስም ዝርዝር ጠፍቶ ስለነበር ሌላ ፕሮግራም ግልባጩ ላይ ለቀቀች። ይኼኛው ስም አይፈልግም፤ ፎቶ ሁሉ መነሻው ላይ የሚይዘውን ምልክት እያየ አንድ በአንድ ይለቅማል። ስድስት ሺሕ ከሁለት መቶ ፎቶ ለቀመ። ኔድያልካ ሁለት ቀን ሙሉ ስታገላብጥ ዋለች። ቲማቲም፣ ውሻ፣ ወንበር። ፎቶ አንሺ ሆኖ ራሱ ፎቶው ላይ የለም። አልፎ አልፎ ፀሐይ ከጀርባው ስትሆን ጥላው መሬት ላይ ይወድቃል፤ ባርኔጣውና ስልክ የያዙት ሁለት ክንዶቹ። እሷም ለጥላው ፈገግ አለች፤ አንዴ ደግሞ "አንተ ቂል" አለችው።

ከዚያ አሥራ አንደኛው መጣ። ባርኔጣው አለ። ግንባሩ አለ። ዓይኖቹ አሉ፤ በሳቅ ጠበው፣ ጥጋቸው ሁሉ ተጨማዶ። አፍንጫው እስከ መሃሉ አለ። ከዚያ በታች ግራጫ ነው። ባዶ፣ ድፍን ግራጫ፣ እስከ ፎቶው መጨረሻ።

ቀሪው ቀዩ ውስጥ ነው። ሌላው ሁሉ ስለተረፈ አሁን ቁስሉን መንካት ትችላለች፤ ደንቡም እንደዚያ ነው። ከፊት ሞከረች፣ ከኋላ ሞከረች፣ አንድ ቀን አሳርፋ እንደገና ሞከረች። በሦስተኛው ጠዋት ዲስኩ ሁለት ጊዜ አንኳኳ፤ ከዚያ መዞሩን ተወ። ኔድያልካ ኃይሉን አጠፋች። የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም ብለው ሰዎች ሲቀልዱባት "እኔ አፍሳለሁ" ትል ነበር፤ በዚያን ቀን የሚመልስ አፍ አልነበራትም።

ቦያና ሙት ዓመቱ ሦስት ቀን ሲቀረው ገባች። ከሰዓት በኋላ እናትና ልጅ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ለዝክሩ የሚቀቀለውን ስንዴ ሲለቅሙ፣ ኔድያልካ የታተመውን ፎቶ አምጥታ ከፊቷ አኖረችው።

ቦያና አየችው። ጣቶቿ ስንዴው ውስጥ እንዳሉ ቀሩ። "ራሱ ነው" አለች። "አባዬ ራሱ ነው። የታችኛውስ?"

"የለም። አልቋል።"

"ጥግ ላይ ያለው ማተሚያ ቤት የሚሠራው ልጅ እኮ ይሞላዋል። አሁን ፕሮግራም አለ፣ ዓይኑን አይቶ አፉን ራሱ ይሠራለታል።"

"የማን አፍ ነው የሚሠራለት?"

ቦያና ፎቶውን አንስታ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረችው፤ ለአባቷ መናገር ጀመረች። "አይ አባዬ፣ ምን ነበረበት ቀስ ብለህ ብታስቀምጠው። አንዲት ዲስክ። መቼም ነገር በእጅህ አይበረክት።"

ኔድያልካ ስንዴውን ገፋ አደረገችው።

"አባትሽ አልጣለውም" አለች።

"እ?"

"ዲስኩን አባትሽ አልጣለውም። ነክቶትም አያውቅም። እኔ ነኝ። በዘጠነኛው ቀን ከመቃብር ስመለስ ሰካሁት። አንኳኳ። እያንኳኳ ፎቶ ከፈትኩበት። መንቀል እንዳለብኝ እያወቅሁ። ያንን ቦታ የጨረስኩት እኔ ነኝ፤ አንቺ አባዬ ጥሎት ይሆናል ስትዪኝ ደግሞ ይሆናል አልኩሽ።"

ከታች ትሮሊባሱ እያፏጨ አለፈ። ቦያና ፎቶውን ጠረጴዛው ላይ መለሰችው፤ ተነሥታ ውኃ ቀዳች፣ ሳትጠጣው አስቀመጠችው።

"ዓመት ሙሉ" አለች። "እኔ ዓመት ሙሉ እሱን ነው የተቀየምኩት። አሮጊቷን ሳጥብ፣ አልጋ ሳነጥፍ፣ ትዝ ባለኝ ቁጥር፣ ምን አለ ቢጠነቀቅ እያልኩ። በሞተ ሰው ላይ፣ እማዬ። ደግሞ በአባዬ ላይ።"

"አውቃለሁ።"

"አታውቂም።"

"አላውቅም" አለች ኔድያልካ። "ፈርቼ ነው። በሕይወቴ የምችለው አንድ ሥራ ነው፤ እሱኑ በአባትሽ ላይ አበላሸሁት። ይኼን ለአንቺ እንዴት ብዬ ልንገርሽ? እፍረት ነው ልጄ። ሌላ ምክንያት የለውም።"

ቦያና ጀርባዋን ሰጥታ ቆመች። ኔድያልካ አልተነሣችም፣ አልለመነችም። ስንዴው ላይ ያለውን ጠጠር በጣቷ እየገፋች ጠበቀች። ልጇ አሁን ሻንጣዋን ይዛ ብትወጣ እንደማትከለክላት ለራሷ ነግራለች።

ቦያና ዞረች። ዓይኗ ቀልቷል።

"ስንት ፎቶ ነው የከፈትሽው?"

"አሥራ አንድ።"

"ይኼ ስንተኛው ነው?"

"የመጨረሻው።"

"ሙሉውን ከፈተልሽ?"

"ሙሉውን። ዘገየ እንጂ እስከ ታች ወረደ።"

ቦያና ወንበሩን ስባ ተቀመጠች። "ያነሳው ማነው?"

"ቬልኮ፣ የወይን ቦታው ጎረቤት። በአባትሽ ስልክ ነው ያነሳው፤ አንስቶ ስልኩን መለሰለት። እሱም በደንብ አላየውም።"

"ስለዚህ ሙሉውን ያየሽው አንቺ ብቻ ነሽ።"

ኔድያልካ ይህን አስባው አታውቅም ነበር። ዓመት ሙሉ ያቺን ከሰዓት ስታስብ ትዝ የሚላት የዲስኩ ድምፅ ነው፤ ያየችውን ረስታው ነበር። "እኔ ብቻ ነኝ" አለች።

"እንግዲያው ንገሪኝ" አለች ቦያና። ድምፅዋ አልለዘበም፤ ይቅርታም አላለችም። ፎቶውን በሁለቱ መካከል አድርጋ ግራጫው ላይ ጣቷን አኖረች። "አፉ እንዴት ነበር?"

ኔድያልካ ግራጫውን አየች።

"ክፍት ነው። አንድ ነገር ሊናገር ጀምሮ ሳቁ ቀድሞታል። የታችኛው ከንፈሩ ላይ የሱፍ ልጣጭ ተለጥፏል፤ ሲቆረጥም ነው መሰለኝ ቬልኮ ያነሳው። በግራ በኩል ጢሙን ሳይላጭ የተዋት ቦታ አለች። ጥርሱ ይታያል። ፍንጭቱም ይታያል።"

"ፍንጭቱ ይታያል?"

"ቁልጭ ብሎ። አንቺ ስትስቂ እንደሚታየው ነው።"

ቦያና እጇን ወደ አፏ ወሰደች። የፊት ጥርሶቿ መካከል ያለውን ክፍተት፣ በልጅነቷ ልታስደፍነው ስትለምን አባቷ እየሳቀ የከለከላትን፣ በጣቷ ዳሰሰችው። እንባዋ በእጇ ላይ ወረደ።

"ሌላስ?" አለች።

ኔድያልካም የቀረውን ነገረቻት።